እንትፍ ይበሉላት

ሃና ለሦስተኛ ጊዜ ስታስመልስ አያቷ እትዬ ሰብለ ወንጌል ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡ። ኤሌኒ የሁለት ዓመት ልጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ ግንባሯን ዳሰሰች፤ ይፋጃል። ባሏ አድማሴ ለሥራ ዛሪማ ወርዷል፤ ስልኩ አይሠራም።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጅቷ ደህና ነበረች። ኤሌኒ አዘዞ ውስጥ የሥነ ዜጋ መምህርት ናት። ዛሬ ተማሪዎቿን እንዲያነጋግሩላት የጋበዘቻቸው እንግዳ ከወለቃ የመጡት ቀጥቃጭ፣ አያ ባህሩ ነበሩ። በወጣትነታቸው የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ልጆች "ቡዳ ናቸው" ተብለው ከትምህርት ቤት ሲባረሩ፣ የአካባቢውን ቀጥቃጮች አስተባብረው "ልጆቻችን ከሌላው ጋር እስኪቀመጡ ማረሻ አንሠራም" ያሉ እሳቸው ናቸው። ወቅቱ የእርሻ ነበር። ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ቃላቸውን ግን አላጠፉም። በመጨረሻ ማረሻ ያጣው ገበሬ ራሱ አማላጅ ሆኖ ልጆቹ ገቡ። ኤሌኒ ማንን መምሰል ትፈልጊያለሽ ስትባል ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራው የእሳቸውን ስም ነው።

ከክፍል በኋላ ቤቷ ወስዳ ምሳ አበላቻቸው። ሽማግሌው ሃናን አይተው "እንዴት ያለች ሸጋ ልጅ ናት" አሉ። ይኼኔ የእትዬ ሰብለ ፊት ጠቆረ። ሟቹ ባላቸው መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸውም ጸሎት ሳያደርሱ ውሃ አይቀምሱም፤ ከሰይጣን ይልቅ ግን ቀጥቃጭ ይፈራሉ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ እንግዳው ተሰናብተው በወጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ ጀመረ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ሰብለ አያ ባህሩን ታክሲ አጥተው ከቆሙበት መቆሚያ መልሰው አምጥተዋቸዋል።

"ምነው፣ የረሳሁት ዕቃ አለ ተባልሁ" አሉ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው።

"ልጅቱ ታማለች፣ አያ ባህሩ" አሉ እትዬ ሰብለ። "እኔ ከእርስዎ ጠብ የለኝም። እንትፍ ይበሉላትና ይሂዱ።"

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጡ ለኤሌኒ በቀለላት ነበር።

"ይህን ሲጠይቁኝ እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም" አሉ። "አንድም ቀን ብዬ አላውቅም። እንትፍ ካልሁ፣ አዎ በልቻታለሁ ማለቴ ነው። የልጅ ልጆቼም ይበላሉ ማለቴ ነው።" ከዚያ ወደ ኤሌኒ ዞሩ። "አንቺ ይበሉ ካልሽኝ ግን እላለሁ፣ ልጄ። የልጅ ነገር ነው፤ አልፈርድብሽም።"

ኤሌኒ አፏ ላይ የመጣው ቃል "ይበሉ" ነበር። ምን ይጎዳል? አንድ ምራቅ ነው፤ ማንም አያይም። ጠዋት ስልሳ ተማሪ ፊት ያጨበጨበችላቸውን ሰው አሁን እዚህ ምንጣፍ ላይ ልታዋርዳቸው ነው። በራሷ አፈረች፤ ፍርሃቷ ግን ከእፍረቷ በለጠ። ሃና አቃሰተች።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉ አማቷ።

"ሆስፒታል እወስዳታለሁ፣ እማማ።"

"ቡዳ የበላው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል። ልጄ ሲመጣ ምን ልትይው ነው?"

ይህን ነገር ኤሌኒም ስትሰማው ነው ያደገችው፤ ዲግሪ ይዛም ከሆዷ አልወጣላትም። ተነሣችና ልጇን በጋቢ ጠቀለለቻት። እትዬ ሰብለ ለመቀበል ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ። ኤሌኒ አለፈቻቸውና ልጅቷን ወደ አያ ባህሩ አቀረበች።

ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "ኋላ አንድ ነገር ብትሆንስ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ይቀፉልኝ" አለች ኤሌኒ። "አብረን ነው የምንሄደው። እኔ ባጃጅ ላስቁም።"

ልጅቷን አስታቀፈቻቸውና ወደ አስፋልቱ ሮጠች።