ለእትዬ ይርጋነሽ ያነበብሁት ደብዳቤ

አንቺ ሰብለ ወንጌል፣ ያን ስልክሽን አስቀምጪና አድምጪኝ። «አባባ፣ በልጅነትዎ ብስክሌት እየነዱ ፖስታ ያደርሱ ነበር አሉ፤ ደስ አይልም?» ትይኛለሽ። ደስማ ይላል! ያኔ ብቸና ላይ ብስክሌት ማን ነበረውና! ቁልቁለቱን ስለቀው የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ይበተናል። ግን ልጄ፣ አንድ ነገር አለ፤ ለአያትሽም አልነገርኋት።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት። እኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ። ፊደል የቆጠረ ሰው ጥቂት ስለነበር ደብዳቤ ማድረስ ብቻ ሳይሆን ቀድጄ ማንበብም የእኔ ሥራ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ቆሎ በኪሴ ይሞሉልኛል።

እትዬ ይርጋነሽ ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ያላቸው አንድ ልጅ ወልደ ሰንበት ነው፤ እሱንም ለጦርነት ወደ ሰሜን ወስደውታል። በኅዳር ደብዳቤ መጣላቸው። ደጃቸው ላይ ቆሜ ቀደድሁት። የጻፈው የልጃቸው ጓደኛ ነው፤ ወልደ ሰንበት በጥቅምት ሞቷል ይላል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ደግፏቸው ነው። እኔ አንድ ፍሬ ልጅ በቀትር ብቻዬን ልንገራቸው? ደብዳቤውን መልሼ አጠፍሁት።

«ምን ይላል፣ አንተ ታዘበው? ምነው አጠፍኸው?»

«ደኅና ነኝ፤ ለፋሲካ እመጣለሁ ይላል» አልኋቸው። እልል አሉ! ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

ለንስሐ አባታቸው ለመምሬ ገብረ ሕይወት ነግሬ፣ መርዶውን በወጉ እንዲነግሯቸው ነበር ሐሳቤ። ደጃቸው ደርሼ ፈራሁ። ነገ እላለሁ፤ ነገም ሌላ ነገ ይወልዳል። እትዬ ይርጋነሽ በየገበያው ቀን «ያቺን ደብዳቤ እስቲ ድገምልኝ» ይሉኛል። እደግማለሁ፣ እኔ ውሸታሙ! ጭራሽ ሰላምታም እጨምርበታለሁ። ፋሲካ ሲያልፍ «ፈቃድ ከልክለውት ይሆናል» አልሁ።

ክረምት ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። እትዬ ይርጋነሽም እርሳስ ይዘው ከልጆች ጋር ተቀመጡ። በጥቅምት መጨረሻ በብስክሌት ሳልፍ ጠሩኝ። ደብዳቤውን ከመቀነታቸው ፈቱ፤ ፊታቸው በርቷል።

«ዛሬስ እኔ ላንብብልህ፤ አንተ አርመኝ» አሉ።

መንጠቅ እችል ነበር። አልነጠቅሁም። እግዜር ያውቃል፣ ውሸቱ አንገሽግሾኝ ነበር። ጣታቸውን እያስኬዱ «ወል... ደ... ሰን... በት» አሉና በደስታ ሳቁ። ቀጠሉ። «ሞ... ቷል» ሲሉ ቆሙ። የተሳሳቱ መስሏቸው ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና አነበቡት። ሦስት ጊዜ። ከዚያ እንዳርማቸው ቀና ብለው አዩኝ።

መሬት ወድቄ እግራቸውን ያዝሁ።

«አርባው አለፈ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ዓመቱም?»

«አዎ።»

«ፍትሐት ሳይደረግለት! እኔ እኮ በደኅና መልስልኝ ብዬ ለሞጣ ጊዮርጊስ ጃንጥላ ተስያለሁ። ለሞተ ልጅ!»

በጥፊ መቱኝ። ደግመው መቱኝ። ይበለኝ፣ ሲያንሰኝ ነው። ሰው ይጠራሉ፣ ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

«ዓመት ሙሉ የልጄን ሞት የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ አልቅሰህለታል?»