በአንድ የሙዝ ማሳ ሁለት ዓይነት ችካል

ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ መንደር የባለቤቴ እኅት በለጥሽ የሙዝ ማሳ አላት። ማሳው ከአስፋልቱ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ዓባያ ሐይቅ ይወርዳል። ባሏ ካረፈ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ማሳ ነው፤ የጭነት መኪኖች በሯ ላይ ቆመው ስለሚጭኑላት ሙዟን ይዛ ገዢ ፍለጋ ተንከራትታ አታውቅም። ባለፈው ጥቅምት ግን ደወለችልኝና፣ «እሌኒ፣ ቶሎ ነይልኝ፤ ሙዜ መካከል ችካል በቅሏል» አለችኝ።

ስደርስ በማሳው ውስጥ እየዞረች አሳየችኝ። አንዱ መደዳ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ሌላው ነጭ ነው፤ እርስ በርሳቸውም ይቋረጣሉ።

«ቀዩ የመንገዱ ነው፤ ነጩ የገበያው። ሁለቱም ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ‹እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን› እያሉ ነው የቸከሉት። ግን እስቲ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ፤ መንገዱ በዚህ ካለፈ ገበያው የሚቀመጠው መኪኖቹ ጣራ ላይ ነው?»

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። ማሳው ከተወሰደ የሚተርፋት ቤቷና የጓሮዋ እንሰት ብቻ እንደሆነ ስለገባኝ ሳቄን ዋጥሁት።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ሥራዬ ብዙ አገር አዙሮኛል፤ መንገድ የሚሠራው መሥሪያ ቤትና መሬት የሚመራው መሥሪያ ቤት ሳይነጋገሩ የሠሯቸውን ከተሞችም አይቻለሁ። የሚያስደንቀው የቀዩ ችካል ባለቤት ዘርአብሩክና የነጩ ባለቤት ሰሊሆም በአንድ ዓመት ያስተማርኋቸው መሆናቸው ነው። እሱ ከጎንደር ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ እሷ የዚሁ አገር ልጅና የከተማ ፕላን ባለሙያ ናት።

በመጀመሪያ ለእሱ ደወልሁ።

«መምህርት፣ ለዱቡሻው ብዬ ነው» አለኝ።

ዱቡሻ የጋሞ ሰዎች ለዕርቅ፣ ለዳኝነትና ለምክር የሚሰበሰቡበት የሣር ሜዳ ነው። የዚያች መንደር ዱቡሻ ከበለጥሽ ማሳ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከገበያው አጠገብ ይገኛል። መንገዱ በነበረበት ቢሰፋ ሣሩን ስለሚቆርሰው ዘርአብሩክ ወደ ሐይቁ በኩል አጠፈው። ሰሊሆምም ስትጠየቅ ምክንያቷ ያው ሆነ፤ የገበያው ጫጫታ ሽማግሌዎቹን እንዳይረብሽ ብላ ገበያውን ወደ ማዶ አሻገረችው። ሁለቱም ዱቡሻውን አክብረው በለጥሽ ላይ አረፉ።

«ለመሆኑ ትነጋገራላችሁ?» አልኋት።

«እንዴታ! ዓርብ ዓርብ ጫሞ ዳር ዓሣ አብረን እንበላለን።»

«ስለ መንገዱስ?»

«እኔ የእነሱ ሥራ እስኪያልቅ እየጠበቅሁ ነበር፤ እሱ ደግሞ የእኛን ፕላን እየጠበቀ ነው መሰለኝ።»

በለጥሽ ነገሩን ወደ መንደሩ ሽማግሌ ወደ ጋሽ ዳልጮ ወሰደችው፤ እሳቸውም ሁሉንም ለቅዳሜ ዱቡሻ ጠሩ። ሴት ከወንዶቹ እኩል ሣሩ ላይ መቀመጥ የጀመረችው በዚያ መንደር በቅርቡ ነው፤ በለጥሽም የጸሎት ቤት ነጠላዋን ለብሳ፣ ጠርዝ ጠርዙን ይዛ ተቀመጠች። ጋሽ ዳልጮ በአባቶች ወግ መረቁ። ሌላው ሁሉ ጮክ ብሎ ሲቀበል እሷ ግን እንደ እምነቷ በልቧ የራሷን ጸሎት ጸልያ፣ በመጨረሻ «አሜን» አለች።

ሁለቱ ልጆች ካርታዎቻቸውን ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። ሰሊሆም በእጇ አፏን ያዘች።

«የእኔ ገበያ ያንተ መንገድ ላይ ነው!»

«የእኔ መንገድ ያንቺ ገበያ ውስጥ ነው በይው እንጂ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓርብ ስለ እግር ኳስ ስትለፈልፍ ምነው አንዴ እንኳ ብታነሣው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ዳልጮ ግን እጃቸውን አነሡ፤ «ልጆቼ፣ እዚህ ሰው የሚፈልገውን አይናገርም፤ የሚተወውን ነው የሚናገረው። ሳንስማማም አንነሣም።» የመንደሩ ልማድ ይኸው ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ጋሞ ተራሮች ማዘንበል ስትጀምር ዘርአብሩክ ተነሥቶ ቆመ። «እኔ ፍጥነቱን እተዋለሁ። መንገዱ በመንደሯ ሲያልፍ በድሮው ስፋቱ ይሂድ፤ መኪናው ቀስ ይበል። አለቆቼን ለማስረዳት እቸገራለሁ፤ ቢሆንም አስረዳለሁ።»

ሰሊሆም ቀጠለች። «እኔ ደግሞ በመንገዱ ዳር ለሱቅ ያሰብኋቸውን ቦታዎች እተዋለሁ። ገበያው ካለበት አይነቃነቅም፤ ከበስተጀርባው ያለው ባዶ ቦታም የመኪኖች መጫኛ ይሁን። ግን...» አለችና በለጥሽን አየቻት።

«ግን ምን?» አለች በለጥሽ።

ዘርአብሩክ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ፣ መንገዱ ጠባብ ሆኖ ከቀረ መኪና ዳር ላይ ቆሞ መጫን አይችልም። በበርዎ ላይም ቢሆን።»

«እኔ ምን አጠፋሁና ነው የምተወው?» ብድግ አለች። «ችካሉን እናንተ ቸከላችሁ! አሁን ደግሞ በሬን?»

እኔ ልናገርላት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን የምትተወውን መናገር ያለባት ራሷ ናትና ተውሁት። በለጥሽ በመጀመሪያ ሙዟን፣ ቀጥሎም ማዶ መሬት ላይ ሙዝ ዘርግተው የተቀመጡትን ሴቶች አየች። መኪኖቹ ከበሯ ጭነው ስለሚሄዱ እነሱ ዘንድ የሚደርሱት ሞልተው ነው።

«ማሳዬ አይነካም?»

«አይነካም» አሉ ሁለቱም በአንድ ቃል።

«እንግዲያው በሬን ትቻለሁ» አለችና ተቀመጠች። ድምፅዋ የተደሰተ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ያን ሌሊት እሷ ዘንድ አደርሁ። ጠዋት የጭነት መኪና ሹፌሩ አቡበከር እንደ ልማዱ በሯ ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ነፋ። በለጥሽ ወጣች።

«እዚህ አይጫንም፤ ከገበያው ኋላ ዙር።»

«ምነው እትዬ፣ ተጣላን እንዴ? እዚያ እኮ የሁሉም ሙዝ ስላለ ዋጋ ይወርድብሻል!»

«አውቃለሁ።»

«ሕግ ወጣ ማለት ነው?»

«ሕጉ ገና አለቆቹ ዘንድ እንኳ አልደረሰም። እኔ ግን ተናግሬያለሁ።»

አቡበከር ራሱን እየነቀነቀ መኪናውን አዞረ። በለጥሽ የመጀመሪያውን የሙዝ ዘለላ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ሁለተኛውን ለእኔ አቀበለችኝና፣ «ነይ እንጂ፣ አንቺ ዓለም ዞርሁ የምትይው! አስፋልት መሻገርስ አቃተሽ?» ብላ ግራና ቀኝ አይታ ተሻገረች።