ሆዱን ወደ ሰማይ

ክሎቪስ መኮትኮቻውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲመጣ፣ ቨርላ የባሏን የሆባርትን የሥራ ሸሚዞች አጥባ አጥሩ ላይ ታሰጣ ነበር። ከጠወለገው የበቆሎ ማሳ በላይ የሆባርት መቃብር አፈሩ ገና ቀይ ነው። ምድሩ ከመድረቁ የተነሳ ክሎቪስ የወንድሙን መቃብር የቆፈረው እያለቀሰና እየተራገመ ነበር።

«በዚህ ድርቅ ለሞተ ሰው ልብስ ውሃ ታፈሻለሽ?»

«ውሃው ከእኔ ጉድጓድ ነው። አንተ መኮትኮቻ ይዘህ ወዴት ነው? የሚኮተኮት የለህም።»

ክሎቪስ በአገጩ ወደ በቆሎ ጎተራው አመለከተ። «ታውቂዋለሽ፣ እህቴ። ሰው ሁሉ ተስማምቷል።»

ታውቀዋለች። በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ ዝናብ ሲጠፋ ጥቁር እባብ ይገደልና ሆዱ ወደ ሰማይ ተደርጎ አጥር ላይ ይሰቀላል። ሰማይ ነጩን ሆድ ካየ ያለቅሳል ይላሉ። ዘንድሮ ከወንዙ እስከ ቤተክርስቲያኑ ያለው አጥር ሁሉ እባብ ተሰቅሎበት፣ የተረፈው ሽታው ነው። የሆባርትን ጎተራ እባብ ግን፣ ሆባርት በሕይወት ሳለ፣ ማንም አልደፈረም።

እሷ ራሷ እባቡን ወዳው አታውቅም። ከሰው ቁመት ይረዝማል፤ እንደ ከሰል ጠቁሮ አገጩ ሥርና ሆዱ ብቻ ይነጣል። የበረዶውን ወራት ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ጭራቸውን እንደ ሻኩራ ከሚያንሿሹት መርዘኛ ባለሻኩራ እባቦች ጋር አብሮ ተጠቅልሎ ያሳልፋል፤ እሱ ግን መርዝ የለውም። ሲሞቅ ወደ ጎተራው ይመጣና አይጥ አንቆ ይውጣል፤ አንዳንዴም ከዶሮዎቿ ሥር እንቁላል ይሰርቃል። ሆባርት ጠዋት በሩን ሲከፍት «እንደምን አደርክ፣ ሽማግሌው» ይለው ነበር። ቤቱ ጸጥ ካለ ወዲህ ያንን ሰላምታ ቨርላ፣ ከበሩ ራቅ ብላ፣ ማቅረብ ጀምራለች።

«አይነካም» አለች።

«ሆባርት ሞቷል እኮ።»

«እኔ አልሞትኩም።»

ክሎቪስ ሳቀ። «አምና እሱን አይተሽ ባልዲ ጥለሽ የሮጥሽው አንቺ አይደለሽም? ጩኸትሽ ከወንዙ ማዶ ላም አስበርግጎ ነበር!»

«አምና አጥርህ ላይ ሦስት ሰቀልክ። ዘነበልህ?»

«ትንሽ አካፋ።»

«አካፋ! ጎተራህን አይጥ ሲጨርሰው፣ ለዘር ብለህ በቆሎ የለመንከው ከማን ነበር?»

ክሎቪስ ገፋ አድርጓት አለፈ፤ ቨርላም ተከተለችው።

እባቡ ከጎተራው ሥር፣ በደረቀ ቅጠል ላይ፣ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። የእግር ኮቴ ሲሰማው አካሉን እንደ ደረቅ ጭራሮ አጣጥፎ ደረቀ። ከዚያ ጭራው ቅጠሉን ይመታ ጀመር። ሽሽሽሽ።

«ባለሻኩራ ነው!» ክሎቪስ ወደ ኋላ ዘለለ። «ራቂ! ይገድልሻል!» መኮትኮቻውን አነሣ።

የቨርላ ዓይን ከጭራው አልተነሳም። ሻኩራ የለውም። ሆባርት «ሲፈራ በቅጠል ይዋሻል» ይል ነበር። ጎንበስ አለችና በሁለት እጇ አፈሰችው።

የእጇን አንጓ ነከሳት። ከቆዳዋ ላይ ደም እንደ እሾህ ጭረት ተሰልፎ ወጣ። ክፉ ጠረኑን ሽርጧ ላይ ለቀቀባት። አልጣለችውም። እስከ ትልቁ ባሉጥ ዛፍ ተሸክማው ሄዳ ግንዱ ላይ አስጠጋችው። እባቡ የሆዱን ጠርዝ የቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ እየሰካ፣ ቅርንጫፍ ሳይሻ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሽቅብ የሚፈስ ጥቁር ውሃ ይመስል ነበር።

ቨርላ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጠች። «አሁን እኔን መትተህ እለፍ።»

«ልጆቼ የሚበሉት በቆሎ ነው፣ ቨርላ።» ክሎቪስ መኮትኮቻውን አወረደ። «ካልዘነበስ፣ በማን እናሳብብ?»

«በእኔ።»

ወደ ጎተራው ገባች። ከጣሪያው እንጨት ላይ እባቡ በሰኔ የገፈፈውን ቆዳ አውርዳ፣ ከሆባርት ሸሚዞች መሀል፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጋ አጥሩ ላይ ዘረጋችው።

«ይኸው። ሰማይ ሆድ ማየት ካማረው ይየው።»

ክሎቪስ መኮትኮቻው ላይ ተደግፎ ቆዳውን አየ፤ ከዚያም ሰማዩን። ከምዕራብ ነፋስ ተነሳ፤ ዝናብ ያምጣ አቧራ ገና አይታወቅም። ነፋሱ የሸሚዞቹን እጅጌ ሞላ፤ ያንን ስስ ቆዳም ከአጥሩ ላይ አነሣው።

ከባሉጡ ጫፍ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ቨርላ ደም ያለበትን እጇን ግንዱ ላይ አሳርፋ ቀና አለች።

«እንደምን ዋልክ፣ ሽማግሌው» አለች፤ በዚህ ጊዜ ራቅ አላለችም።