ለሁለት የተዘረጋ ጠረጴዛ

ከዚህ በታች ከምትሰሙት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች ምላሴ በበር ይቀርቀርብኝ! ስምንተኛ ክፍልን የደገምኩት ሰንፌ ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስተምሩኝ በደንብ ስላልሰማሁ ነው። ይሄንን ግን አንዴ ሰምቼ ልቅም አድርጌ ይዤዋለሁ።

ሰውየው ሚዛን ጠጋኝ ነው። ሥጋ ቤቱም ወርቅ ቤቱም፣ ሚዛኑ የዋሸበት ሁሉ እሱን ይጠራል፤ ሰፈሩም «ጋሽ ሚዛን» ይለዋል። ዕቃ በመዳፉ ያዝ አድርጎ «ሁለት መቶ አሥር ግራም» ካለ ሁለት መቶ አሥር ነው። አንዴማ የጎረቤት አራስ ልጅ ታቅፎ ክብደቱን ቢናገር፣ ነርሷ አፍራ ሚዛኗን ቀየረች።

ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። አርባ አንድ ዓመት አብረው ኖረው አፉ «እኛ» ማለት ለምዶ ነበርና፣ እሷ ስትሄድ ቃሉ አልተከተላትም። አትክልት ሻጯን «ድንች ስጪን» ይላታል፤ የሚወስደው ግን አንድ ፍሬ ነው። ሐኪሙን «ጉልበታችንን ያመናል» ቢለው፣ ሐኪሙ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «የማንን ጉልበት?» ብሎታል።

እንግዲህ የአንድ ትልቅ ምግብ ቤት የወጥ ቤት ሚዛን ተበላሸ። ይሄ ምግብ ቤት እንደሌላው «ምን አላችሁ?» ተብሎ የሚታዘዝበት አይደለም። ሼፉ ያሰበውን አሥራ አንድ ዓይነት ምግብ በቅምሻ በቅምሻ አድርጎ በተራ ያወጣል፤ እንግዳው ስሙን እየሰማ መቅመስ ነው። ጋሽ ሚዛን ሚዛኑን ጠግኖ ሲያስረክብ ሼፉ ደስ ብሎት፣ «ቅዳሜ ምሳ የኔ እንግዳ ነዎት። ብቻ ደውለው ያስመዝግቡ» አለው።

ደወለ። መዝጋቢዋ «ስንት ሆነው ነው የሚመጡት?» አለችው።

«እንመጣለን የኔ ልጅ። ልክ በስድስት ሰዓት እንመጣለን።»

እሷም «ሁለት» ብላ ጻፈች። ምን ታድርግ?

ቅዳሜ ሱፉን ለብሶ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሹካ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ብርጭቆ ተደርድሯል። አስተናጋጁ ሽበት የጀመረው ረጅም ሰው ነው፤ ጎንበስ አለና፣ «ባለቤትዎ እስኪመጡ ውሃ ላምጣልዎት? የቤቱ ደንብ ሆኖ የአንድ ጠረጴዛ ምግብ እኩል ነው የሚወጣው። እሳቸው ሳይቀመጡ አንጀምርም» አለው።

ጋሽ ሚዛን «አንድ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ሁለት ቃል ናት። ግን አፉ አልለመዳትም።

«መንገድ ላይ ናት» አለ።

ከዚያማ እየጣመው መጣ። አስተናጋጁ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «የት ደረሱ?» ይለዋል። ከቀብሯ ወዲህ የት እንደደረሰች የጠየቀ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ታክሲ አጥታ ነው አለ። ቀጥሎ መነጽሯን ረስታ ተመልሳ ነው አለ። «ደረጃው ደግሞ ይከብዳታል፤ ወገቧን ያማታል» ሲል ግን ውሸት አልነበረም፤ ያማት ነበር። አስተናጋጁ ይሄን ሲሰማ ሮጦ ሄዶ ትራስ አመጣና ባዶው ወንበር ላይ፣ መደገፊያው ጋ አስተካክሎ አደረገላት።

እስከዚያ ሌላው ይበላል። ሳህኑ ሕፃን ይታጠብበታል፤ ምግቡ ግን ጥፍር አያክልም። አንድ ነጋዴ ቢያስነጥስ ሦስተኛው ምግቡ በሮ ባሻገር የተቀመጠች ሴት ሳህን ላይ ዐረፈ። ሴትዮዋም የሼፉ ጥበብ መስሏት አጨበጨበች። ሌላው፣ «ባለፈው ስንመጣ እንኳ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር» ብሎ ሲያማርር ጋሽ ሚዛን አንገቱን ደፋ። አሮጌው ሚዛን ለበላተኛው ሲያደላ የኖረ ነበርና፣ አሁን በእሱ እጅ እውነቱን መናገር ጀምሯል።

ከጎኑ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ባልየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ክንዱ የጠረጴዛውን ግማሽ ይዞታል።

«ይሄ ሳህን ምግብ አለበት ወይስ ታጥቦ ነው የመጣው?»

«ዝም ብለህ ቅመስ! አፍህ ውስጥ ሲሟሟ አይታወቅህም?»

«የሚሟሟማ ስኳርም አለ። እኔ የሚታኘክ ነው የምፈልገው።»

«ላንተማ ጎማህን ነበር መቀቀል! እኔ እንዲህ ያለ ካሮት ከተወለድኩ ቀምሼ አላውቅም። ኮሌታህን ጥረግ ደግሞ፤ አንጠባጠብክ።»

ጋሽ ሚዛን ሳያውቀው የራሱን ኮሌታ ዳሰሰ። ንጹሕ ነው። ባይሆንም የሚነግረው የለም።

አንድ ሰዓት አለፈ። የሹፌሩ ጠረጴዛ ሰባተኛው ላይ ደረሰ፤ የእሱ አንደኛው ገና ነው። በመጨረሻ ሼፉ ራሱ ወጣ፤ አስተናጋጁ ከኋላው።

«ጋሼ፣ እንቁላሉ ከዚህ በላይ አይጠብቅልኝም። ይመጣሉ?»

ጋሽ ሚዛን ትራሱን አየው። አንዴ ተናግሮ «አትመጣም» ካለ፣ እዚህ ቤት ውስጥ እንኳ ሞተች ማለት ነው። ካላለ ደግሞ እነዚህ ደጋግ ሰዎች በሌለች ሴት እየታመሱ ሊውሉ ነው፤ እሷ ብትሆን በሰው ልፋት መቀለድ አትወድም ነበር።

«አትመጣም» አለ።

«ምነው፣ አመማቸው እንዴ?» አለ አስተናጋጁ ደንግጦ።

«አይ። አሁንስ ምንም አያማትም።»

አስተናጋጁ ገባው። ሼፉም ገባው፤ ግን ወጥ ቤቱ ቁጥር ይፈልጋልና ቀስ ብሎ፣ «ታዲያ ለስንት ላውጣ?» አለ።

«ለአንድ። አንድ ነኝ።»

ሹካው ተነሣ፣ ቢላው ተነሣ፣ ብርጭቆው ተነሣ። ትራሱን አስተናጋጁ ማንሣት ከብዶት ቆመ፤ ጋሽ ሚዛን ራሱ ተነሥቶ አቀበለው። አራት መቶ ግራም አይሞላም።

ከዚያ ምግቡ ተራ በተራ መጣ፤ አንድ አንድ ሳህን። እንቁላሉ ለስላሳ ነበር። ዓሣው ቆዳው ቅጭ ቅጭ ይላል። አምስተኛው አረፋ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ አልገባውም። ካሮቱ ላይ ሲደርስ ማንኪያውን አስቀመጠና ቆየ፤ የሹፌሩ ሚስት እውነቷን ነው። እሷም ለመሄድ ተነሥታ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ስትፈልግ ወደ እሱ ዞር አለች።

«ጋሼ፣ ካሮቱን እንዴት አገኙት?»

«ወደ…» አለ። «ወደድነው» ሊል ነበር፤ ምላሱን ያዘው። «ወደድኩት።»

እሺ፣ አንዷን ውሸቴን ልመን። ነጋዴው አስነጥሷል፤ ምግቡም በሯል፤ እሱን አልነካም። የሹፌሩ ሚስት ግን ዞር አላለችም። ከባሏ ጋር እየተጨቃጨቁ፣ ክንዷን ክንዱ ውስጥ አድርጋ ወጥታ ሄዳለች። «ወደድኩት» ማለቱ እውነት ነው፤ ያለው ግን ለማንም አልነበረም።