ከመጽሐፉ ማዶ

ሣህሊቱ ሥርዓት ወዳድ ናት። ባሱንዳ አጠገብ ባለው የስደተኞች ሰፈር፣ ከማሽላ አገዳ በተሠራች ራኩባ ሥር ሃያ አንድ ልጆች ስታስተምር ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ልጅ ቦታውን ለቆ ሌላው ቦታ ሲቀመጥ ያየ ሰው የለም። ቢያይማ ጉድ ይፈላ ነበር። መጽሐፉ አንድ ብቻ ነው፤ ፊደልና ቁጥር የያዘ፣ ጥጉን ምስጥ የበላው መጽሐፍ። በሰሌኑ መካከል ይዘረጋል። እሷ በግርጌው በኩል ጀሪካን ላይ ትቀመጣለች፣ ልጆቹ ዙሪያውን ክብ ሠርተው ያጎነብሱበታል። መጀመሪያ ሰሞን በቦታ ሲገፋፉና ሲነካከሱ ጊዜ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም የያዘውን ይያዝ፤ የተንቀሳቀሰ ወዮለት" አለቻቸው። አበቃ። ሰላም ወረደ። እሷም ኮራችበት።

ሰሌዳ የለም። የነበረውን አንድ ሰሌዳ ነፋስ ባመጣው ዝናብ ዋዜማ አንዱ ወስዶ የቤቱ በር አድርጎታል፤ ማን ይፈርድበታል? ልጆቹ የሚጽፉት በጣታቸው አፈር ላይ ነው። ሣህሊቱ ከጀሪካኗ ሳትነሳ የሁሉንም ታያለች፣ ታርማለች።

ጊዜው የሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ሐምሌ ነው። ሱዳን በጦርነት ትነድዳለች። ለሰፈሩ የሚታደለው ማሽላ መጀመሪያ በግማሽ ተቆረጠ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ጭራሽ ቀረ። ሰው ቅጠል ቀቅሎ በላ። ሕፃን የቀበሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ግን ቀትር ላይ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ጭልፋ አሲዳ ይሰጣል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ግማሾቹ ልጆች የሚመጡት ለዚያች ገንፎ እንጂ ለፊደሉ አልነበረም። ሣህሊቱ ይህን ታውቃለች፤ አልተቀየመችም። "ለአሲዳው ይምጡልኝ፣ ፊደሉን እኔ አጎርሳቸዋለሁ" ትላለች።

በለጡ አንዷ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ የስድስት ዓመት ልጅ ቁመት። ከጭልፋው ግማሹን በልታ ግማሹን በቆርቆሮ ይዛ ለታናሽ እህቷ ትወስዳለች። ሣህሊቱ በአንድ ጭልፋ ሁለት ልጅ እንደምትመግብ ይገባታል።

አንድ ማክሰኞ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጋረደው መጣ። ከእርዳታ ድርጅቱ መልእክት ይዞ ነበር።

"ገንዘብ አጥሯል" አላት። "ሐሙስ ከገዳሪፍ ሰው ይመጣል። ልጆቹን በኮምፒዩተር ነው የሚፈትናቸው፤ ማንበብና ቁጥር። ፊደል የለየ ይቀጥላል። ዜሮ ያገኘ ወደ ጀማሪ ምድብ ይወርዳል።"

"ጀማሪ ምድብ የለም እኮ። ባለፈው ወር ዘግታችሁታል።"

አቶ ጋረደው መሬት መሬት አየ። "እንግዲህ የለም" አለ። "አሲዳውም የሚሠራው በስም ዝርዝሩ ነው።"

ሣህሊቱ ግን አልደነገጠችም። ልጆቿ ያነባሉ። ጮክ ብለው፣ በተራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ፈተናው በኮምፒዩተር ሆነ በጨረቃ ላይ ምን ቸገራት?

ሐሙስ ጠዋት የመጣው አብዱልናስር የሚባል ወጣት ነበር። አባቱ ገዳሪፍ ገበያ ሱቅ ያላቸው ሐበሻ ናቸው፤ እሱ እዚያው ተወልዶ ስላደገ ግማሽ አማርኛ፣ ግማሽ ዓረብኛ ይናገራል። ራኩባው ጥግ ተቀመጠና ታብሌቷን፣ ያችን ጠፍጣፋ የእጅ ኮምፒዩተር፣ አወጣ። "ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ እርስዎ ራቅ ይበሉ" አላት። "መምህር አጠገባቸው መሆን አይፈቀድም። ኸላስ፣ በቃ፣ ሕጉ ነው።" ሹፌሩ ደግሞ ሰማዩን እያየ ይቁነጠነጣል። ዝናብ ከመጣ ያ ዋልካ ጭቃ መኪና አያሳልፍም፤ ከቀትር በፊት መውጣት አለባቸው።

በለጡ ሦስተኛ ተጠራች። ታብሌቷን ጭኗ ላይ አድርጎላት፣ "ደቂቃ አለሽ፤ የምታውቂውን አንብቢ" አላት። ሣህሊቱ ከአገዳው ግድግዳ ጀርባ ጆሮዋን ጥላለች።

ልጅቷ ጽሑፉን አየችው። ከዚያ ታብሌቷን ላይ ታች አዙራ ያዘቻት። ጽሑፉ አብሮ ዞረ። መልሳ ገለበጠቻት፤ አሁንም ዞረ።

"አትጫወቺበት፣ ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ" አለ አብዱልናስር፣ ቁጣ ሳይኖርበት።

"በ" አለች በለጡ በቀጭን ድምፅ። ከዚያ የሆነ ነገር አጉተመተመች። አሥር ፊደል በተከታታይ ከተሳሳተ ማሽኑ ራሱ ይዘጋል፤ ዘጋ። ቁጥሩ ቀጠለ። "ዘጠኝና ሁለት" አለች ልጅቷ ከታብሌቷ ላይ እያነበበች፣ "አሥራ አንድ"። ያም ስሕተት ሆነ።

ስትወጣ አብዱልናስር አንገቱን ዘለግ አድርጎ፣ "ያ ኻላ፣ ይቺ ልጅ ኸልዋ ነበረች እንዴ? ቁርአን ቤት? ከቀኝ ነው የምትጀምረው" ሲል ጠየቀ።

"በለጡ? አንገቷ ላይ ማተቡን አታይም?"

"እንግዲያ አላውቅም። ሀውን በ አለችኝ። ሲፍር ናት፤ ዜሮ።"

ሣህሊቱ ክው አለች። ቀጥሎ ደሟ ፈላ። ልጅቷን ክንዷን ይዛ ከራኩባው ኋላ ወሰደቻትና ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

"ምን ነካሽ? ትናንት እንደ ውኃ ስታነቢው አልነበረም? መጀመሪያ ያነበብሽው ፊደል ምን ነበር?"

"በ ነዋ፣ እትየ።"

"ሀ ነበር። እስቲ ሀን ጻፊልኝ።"

በለጡ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ በጣቷ አፈር ላይ ጻፈች። ሣህሊቱ አየችው። ጥርት ያለ ሀ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። "ይኸው፣ ታውቂዋለሽ እኮ" አለች፣ ግራ ገባት። ልጅቷ ግን ትንሰቀሰቅ ጀመር። ሣህሊቱም ተነሳች፣ ዞራ ልታቅፋት ከበለጡ በኩል ቁጭ አለች። ከዚያ አፈሩን አየች።

ከዚህ በኩል የተጻፈው በ ነው።

ቆማ ዞረች፤ ሀ። ተመልሳ ዞረች፤ በ። እንደ እብድ ሦስት ጊዜ ዞረችው። ዘጠኝና ሁለት ያለችውም ስድስትና ሁለት ነበረ ማለት ነው። በለጡ ቦታዋ ከመጽሐፉ ማዶ ነው፣ ከሣህሊቱ ትይዩ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ መጽሐፉን ያየችው ተዘቅዝቆ ነው። የተማረችው እንዳየችው ነው። አፈር ላይም እንዳየችው ትጽፋለች፤ ከጀሪካኑ ላይ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው።

"እኔን ይድፋኝ" አለች ሣህሊቱ። ያ ስትኮራበት የኖረችው ሥርዓት ነው ልጅቷን ከገንፎዋ የሚነጥላት። አለቀሰች ቢባል ማን ያፍርባታል? አለቀሰች። ግን ብዙ አልቆየችም። ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

አብዱልናስር የመጨረሻውን ልጅ ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ ደረሰች። ሹፌሩ ሞተር አስነስቷል።

"ዜሮ ያገኙት ስንት ናቸው?" አለችው።

"አምስት።"

"ስማቸውን አትንገረኝ፤ እኔ ልንገርህ። በለጡ፣ አስናቀው፣ ራዲያ፣ አባይ፣ ወለተ ማርያም።"

ወጣቱ ታብሌቷን ከፍቶ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ሣህሊቱን አየ። "ማን ነገረዎት?"

"አቀማመጣቸው። አምስቱም ከማዶ ናቸው፤ በጎን ያሉት አንገታቸውን አዘንብለው ያነባሉ።" ሰሌኑ ላይ ወስዳ አሳየችው፤ የያንዳንዱን ልጅ ቦታ፣ የመጽሐፉን ግርጌ፣ ጀሪካኑን። በለጡን ጠርታ አጻፈችለት፣ በሁለቱም በኩል አቆመችው። አብዱልናስር አፉን ያዘ። "ወላሂ" አለ ዝቅ ብሎ።

"በል ድገምላቸው።"

"አይቻልም፣ ያ ኻላ። አንዴ ተዘግቷል። የሚከፍተው የገዳሪፍ ቢሮ ነው።"

"ደውል እንጂ።"

"ዝናቡ..."

"ልጄ፣ ዝናቡ ይጥላችኋል፣ ጭቃው ይይዛችኋል፣ እኔ ቤት ታድራላችሁ። እነዚህ አምስቱ ግን ከሰኞ ጀምሮ የሚበሉት የላቸውም። ደውል አልኩህ።"

ኔትወርክ የሚገኘው ከውኃ ታንከሩ ማማ ሥር ብቻ ነው። ሄደ፣ ብዙ ተነጋገረ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ተመለሰ።

"ይከፍቱታል" አላት። "ግን ወረቀት ይፈልጋሉ። ጥፋቱ የመምህሯ ነው የሚል፣ በእርስዎ ፊርማ። አክስቴ፣ ቢቀርብዎ ይሻላል። በሚቀጥለው ወር መምህራንም ሊቀንሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ያለበትን ሰው ማን ያስቀራል? የእርስዎም ራሽን ከዚሁ ነው።"

"ወረቀቱን አምጣ።"

"ትንሽ ቢያስቡበት..."

"አስቤበታለሁ። እስክሪብቶም አምጣ።" ጥፋቱ የልጆቹ አለመሆኑን፣ ዓመት ከመንፈቅ አንድ ቦታ ያስቀመጠቻቸው እሷ መሆኗን ጻፈችና ፈረመች።

ቀጥሎ ሌላ ጣጣ መጣ። መመሪያው ተፈታኙ ከታብሌቷ ፊት ይቀመጥ ይላል። ሣህሊቱ፣ "ፊቷ በየትኛው በኩል እንደሆነ ይናገራል?" ብላ ጠየቀች። አብዱልናስር መመሪያውን ገለጠ፣ አገላበጠ፣ ሳቅ አፈነው። "አይናገርም" አለ። ታብሌቷን ጀሪካኑ ላይ አጋደማት፤ ተጋድማ ስትቀመጥ ጽሑፉ አይዞርም። በለጡን ወደ ማዶ አስቀመጣት። ሣህሊቱ ማንም ሳያዛት ራሷ ከግድግዳው ኋላ ሄደች፣ ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

"ሀ" አለች በለጡ። ከዚያ ቀጠለች። መጀመሪያ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አምስተኛው ፊደል ላይ ተለቀቀ። ጣቷ ከቀኟ ጀምሮ ይሄዳል፣ አፏ ይከተለዋል። የዝናቡ ጠብታ አገዳው ላይ መውረድ ጀመረ፣ ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ፣ እሷ ቀና ብላ አላየችም። በደቂቃ ሠላሳ ስምንት ፊደል። ስድስትና ሁለትም ስምንት ሆነ።

ጨርሳ ወጣችና ሣህሊቱን ፈለገቻት። ስንት አገኘሁ አላለችም። "እትየ፣ ሰኞም ልምጣ?" አለች።

"ሰኞም ነይ። ማክሰኞም ነይ" አለቻት ሣህሊቱ።

አምስቱም አለፉ። መኪናዋ በጭቃው እየተንሸራተተች ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ሣህሊቱ ጀሪካኗን ተሸክማ ወደ ማዶ ተሻገረች፣ በለጡ አጠገብ ተቀመጠች። ልጆቹ ተያዩ። መጽሐፉን ከዚያ ሆና ልታነብ ሞከረች። አንድ መስመር አልሄደላትም፤ ሦስተኛው ፊደል ላይ ተደናቀፈች፣ አይኗ ተንከራተተ፣ ላብ አጠመቃት። በአገር ቤትም በስደትም ሃያ ዓመት ያስተማረች ሴት!

"ከዚህ ነው የሚጀመረው፣ እትየ" አለቻት በለጡ፣ ጣቷን ይዛ ወደ ቀኝ እየወሰደች። "ቀስ በይ፣ ይለመዳል።" ልጆቹ ሳቁ። ሣህሊቱም ሳቀች፤ ያቺ ሚጢጢ ልጅ በባዶ ሆዷ ስንት እንደለፋች ግን ያን ጊዜ ነው የገባት። ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ይሻገራል። በለጡ መጽሐፉን ከግርጌው ለማንበብ ሁለት ሳምንት ፈጀባት፤ በግርጌው በኩል የነበሩት ከማዶ ለማንበብ ከዚያም በላይ ቆዩ።

ነሐሴ ሲገባ አቶ ጋረደው ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። በልጆቹ ዝርዝር ላይ ሃያ አንዱም አሉ። በመምህራኑ ዝርዝር ላይ ሣህሊቱ የለችም። አዝኗል፤ ሰውየው ክፉ አይደለም። በማግስቱ በማለዳ ወደ ራኩባው ብቅ ሲል መጽሐፉ ተዘርግቷል፣ እሷም ጀሪካኗ ላይ ናት።

"ሣህሊቱ" አላት ቀስ ብሎ፣ "ስምሽ የለም እኮ።"

"የእነሱ አለ አይደል?" አለችውና ለበለጡ ተራዋን ሰጠቻት።