ቤት የጠበበው ሴጅ

«ተዪው! አታጠጪው!»

ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ስትል ሳሎኑ ጸጥ አለ። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እግዜር ያጽናሽ» ለሚላት ሁሉ ራሷን ከመነቅነቅ በቀር ቃል አልወጣትም ነበር። ከብርጭቆ የተረፈ ውሃ መስኮቱ ላይ ወዳለው ተክል ልታፈስ የነበረችው ጎረቤት እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ውይ፣ እኔን! ጠውልጎ ሳየው ጠምቶት መስሎኝ እኮ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። ትናንት አራት ሰው አጠጣው፤ ዛሬ ደግሞ ሁለት። ማን ይሄን ሁሉ ይጠጣል?»

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና በሳል አስመሰለው። የሟች ታላቅ እህት ግን ቀና ብላ ተክሉን አየች፣ ከዚያ የወንድሟን ሚስት አየች፣ መልሳ አንገቷን ደፋች። ከቀብሩ ጀምሮ ጠዋት ትመጣለች፣ የሰጧትን ሻይ ትጠጣለች፣ ሲመሽ ሳትናገር ትሄዳለች። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረገጠችም።

ተክሉ ሴጅ ነው። ቅጠሉ ግራጫማ፣ ሲዳስሱት እንደ ከፋይ የሚለሰልስ፣ ሽታው ጣት ላይ የሚቀር። ሟች ከሰባት ዓመት በፊት በወተት ጣሳ ይዞት መጥቶ ሸክላ ውስጥ ተከለው፤ ለጉሮሮዬ ነው ብሎ። ጉሮሮው እንጀራው ነበር። አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ፣ ከቲኬት መስኮቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ድምፅ ማጉያ ፊት ተቀምጦ ሠላሳ ዓመት መንገደኛ ጠርቷል። «ውድ መንገደኞቻችን!» ብሎ ስለሚጀምር ሰዉ ስሙን ትቶ «ውዱ» ይለው ነበር። ሚስቱ ገበያ ወርዳ ስትከራከር ነጋዴዎቹ «ውዱን አግብተሽ እኛ ጋ ርካሽ ትፈልጊያለሽ?» ይሏታል።

«ልጄ መናኸሪያ ውስጥ የጠፋችብኝ ቀን» አለች ከእንግዶቹ አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለጎኗ ሴት፤ «‹ቀይ ሹራብ የለበሰች፣ አፏ ዙሪያ ብስኩት ያለባት ልጅ እኔ ጋ ናት። እናቷ አትደንግጪ፣ ቀስ ብለሽ ነይ› አለ። አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ። ቀስ ብለሽ ነይ ማለቱ።»

ልብስ ሰፊዋ ሰማች። ውዱ በየማለዳው ተክሉ ፊት ሲቆም ታያት። ሦስት ቅጠል ብቻ ይቀጥፋል። ከመቅጠፉ በፊት «ከይቅርታ ጋር» ይለዋል ተክሉን። ከዚያ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ ይጉመጠመጥበታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ድምፁ ሻከረ። ጉንፋን ነው ተባለ፣ አቧራ ነው ተባለ፤ በመጨረሻ ሐኪሙ ጉሮሮው ውስጥ እባጭ አገኘ። ካልወጣ ይገድለዋል፤ ከወጣ ድምፁ አብሮ ይሄዳል። ታላቅ እህቱ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማ «ያለ ድምፁ እሱ ምን ቀረው?» አለች። ሚስቱ «እሱ ይቀራል» አለችና ፈረመች። ከዚያን ቀን ወዲህ እህትየዋ ቀረች።

ውዱ ከሆስፒታል በወጣ በማግስቱ ተነስቶ ሦስት ቅጠል ቀጠፈ። ከንፈሩ ብቻ «ከይቅርታ ጋር» አለ። ሚስቱ ብዙ ቀን አየችውና አንድ ጠዋት «አሁን ለምንህ ነው?» አለችው። ልብስ ላይ ምልክት የምታደርግበትን ጠመኔ አንስቶ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጻፈላት፦ «ለምናልባት።»

በዚያው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ የነበሩት ሽማግሌ ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ጥቂት ተቀምጠው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ሸክላውን ከፍ አድርገው ሥሩን አዩ። ከታች ካለችው ቀዳዳ ነጫጭ ሥሮች ተንዠርግገዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ቤቱ ጠቦታል» አሉ። «አፈሩ አልቆ ሥር ብቻ ሆኗል። ወደ ሰፊ ሸክላ አዛውሪው።»

«እሱ እንዳስቀመጠው ይቀመጥልኝ፣ አባባ።»

«እንዳስቀመጠው ከተቀመጠ እንዳለ ይደርቃል።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን አለዘቡ። «ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። ብርዱ ወጥቷል፤ እይ፣ ጫፉ ላይ አዲስ ቅጠል ጀማምሮታል። አበባ ካወጣ በኋላ ብትነኪው ያኮርፍሻል። እስከ ነገ ጠዋት ውሃ አይንካው። አፈሩ ላይ ሲሶውን አሸዋ ቀላቅዪበት፤ ሴጅ እግሩ ረጥቦ መቆም አይወድም። ሸክላው ግን ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይስፋ፤ ከዚያ ካለፈ ውሃ ያቁርበታል።»

«ሸክላው አለ» አለች።

ሸክላው የስፌት መኪናዋ ሥር ነበር። ብርዱ ሳይገባ ውዱ ክር እንድትሰጠው በእጁ ጠየቃት፤ የተክሉን ሸክላ ዙሪያ ለካበትና ክሩን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሻጩን በአፉ ማስረዳት ስለማይችል ክሩን በየሸክላው ዙሪያ ሲያዞር ውሎ፣ ከአሮጌው ሁለት ጣት የሚሰፋ ሸክላ ታቅፎ ተመለሰ። «ብርዱ ይለፍ» ብሎ ጻፈላት። ብርዱ ሳያልፍ በሽታው ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ተቀመጠች። ከጓሮ አፈር፣ ከጎረቤት ግንበኛ አሸዋ አምጥታለች። ሸክላውን አዘንብላ ብትመታው፣ ብትጎትተው፣ ተክሉ አልላቀቅ አላት። በሩ ተከፍቶ ታላቅ እህቱ ገባች። ጥቂት ቆማ አየችና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለች።

«ግንዱን እኔ ልያዝ። አንቺ ሸክላውን ሳቢ።»

«እትዬ፣ ልብስዎ...»

«ሳቢ አልኩሽ።»

ሳበች። ተክሉ ሸርተት ብሎ ወጣ። ሥሩ የሸክላውን ቅርጽ ይዞ፣ ዙሪያውን ተጠምጥሞ፣ የተወሳሰበ የክር ጥቅል መስሏል። ልብስ ሰፊዋ የተቋጠረ ክር እንደምትፈታው ከታች ጀምራ በጣቷ ማላቀቅ ያዘች፤ የጠቆረውን በመቀስ ትቆርጣለች። እህትየዋ አዲሱ ሸክላ ውስጥ አፈር ሞላች፣ ተክሉን አቆመች፣ ግንዱ ቀድሞ ከነበረበት በላይ እንዳይቀበር በጣቷ ለካች።

«ተቀይማኝ ቀረች ብለሽ ነበር፣ አይደል?» አለች እህትየዋ፣ አፈሩን እየጠቀጠቀች።

«በመፈረሜ።»

«እኔ እናታችን ስትሞት ያሳደግኩት ልጅ ነው። ቤቴ መናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ድምፁ በመስኮቴ ይገባል። ሠላሳ ዓመት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። አንድ ቀን ሌላ ሰው ‹መንገደኞች› አለ። መስኮቴን ዘጋሁ። እዚህ መጥቼ አፉን ከፍቶ ምንም ሳይወጣው ማየት... ፈርቼ ነው፣ ልጄ። ኩርፊያ አልነበረም። ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል...»

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አስቀመጠች። ለሁለት ዓመት ካዘጋጀችው ቃል ሁሉ አንድም አልታወስ አላት።

«ስለ እኔ ጠይቆ ያውቃል?» አለች እህትየዋ።

ልትዋሽ አሰበች። እውነቱ ቢላ ነው፤ ውሸቱም ቢሆን አያድንም።

«እሁድ እሁድ ሦስተኛ ስኒ ያስቀምጥ ነበር። እኔ፣ እሱ፣ ሌላው የእርስዎ።»

እህትየዋ እጇ አፈሩ ላይ እንዳለ ቀረ። «ተቀይሞኝ ነበር እንግዲህ።»

«ሻዩ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይጠጣው ነበር፣ እትዬ። የተቀየመ ሰው ይደፋዋል እንጂ አይጠጣውም።»

እህትየዋ ያን ጊዜ አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም። እንባዋን ልትጠርግ አፈር ያለበት እጇን ወደ ፊቷ ስትወስድ ልብስ ሰፊዋ ቀደም ብላ ያዘቻት። የእህትየዋን ሁለቱንም እጆች በራሷ ጭን ላይ ዘረጋች። ከፀጉሯ ውስጥ ሽቦ ማስያዣዋን ነቅላ በእያንዳንዱ ጥፍር ሥር የገባውን አፈር ቀስ እያለች ማውጣት ጀመረች፤ አውራ ጣት፣ ከዚያ ሌባ ጣት፣ ከዚያ የቀጠለውን። ውጪ በሩ ተንኳኳ፤ የቀኑ የመጀመሪያ እንግዶች ናቸው። ሁለቱም አልተነሱም። አሥረኛውን ጣት ከጨረሰች በኋላም ልብስ ሰፊዋ የእህትየዋን እጅ አልለቀቀችም።