ወንበር፣ መስታወት፣ ቀበቶ

ሰው መኪና ሲገዛ ቀለም ለመምረጥ ሳምንት ይፈጅበታል። ኢንሹራንስ ሊገባ ሲመጣ ግን ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» ይለኛል። ሥራዬ ኢንሹራንስ መሸጥ ነው፤ ይህችን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ወላጅ ሁሉ አንድ ነገር ሳልጠይቀው አይነሳም። ቤት ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ አለ? ካለ ስሙ ውሉ ላይ ይግባ። ክፍያው ከፍ ይላል፤ አልዋሽም። ስሙ ሳይገባ ሰው ቢገጭ ግን ድርጅቱ ለተጎጂው ይከፍልና ዞሮ ገንዘቡን ከእናንተ ይጠይቃል። የራሳችሁን መኪናም ራሳችሁ ታሠራላችሁ። ሰዉ እያጉረመረመም ቢሆን ይሰማኛል። የገዛ ወንድሜ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው። እንቁላል የጫነ ይመስል ነው የሚነዳው፤ አብሬው መንገድ ስወጣ እንቅልፍ ይወስደኛል። ቁመቱ ከበር መቃን የሚጋጭ ሲሆን፣ ልጁ ደግሞ ስትወለድ በእፍኝ የምትያዝ ስለነበረች ሚጢጢ ተባለች። አድጋ ኮሌጅ ገባች፤ ቁመቷ ግን ስሟን ብዙም አላሳፈረውም። መንዳት ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ሦስት ነገር ጮክ ብላ እየጠራች እንድትሠራ ያደርጋታል፤ ወንበር፣ መስታወት፣ ቀበቶ። አንዱን ከዘለለች ቁልፉን ይነቅለዋል። እሱ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይገፋል፤ እሷ ጉልበቷ መሪውን እስኪነካ ወደ ፊት ትስባለች። መስታወቱም እንዲሁ ነው፤ ለሱ የተስተካከለው ለሷ የመኪናውን ጣሪያ ብቻ ነው የሚያሳያት።

ውሉን ሊያድስ ቢሮዬ የመጣ ዕለት «ጋሼ፣ የሚጢጢን ስም እናስገባ» አልኩት።

«እሷ የምትነዳው እኔ አጠገቧ ስሆን ነው።»

«ውሉ አጠገቧ ማን እንደተቀመጠ አይጠይቅም።»

«ለወንድምሽም ትሸጫለሽ አንቺ?» ብሎ ሳቀ። የቢሮው ሰው ሁሉ አብሮት ሳቀ። እኔም ተናድጄ ተውኩት።

አደጋው የደረሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አውቶቡሱ ቅዳሜ ስለማይወጣ ወንድሜ ቤት ውስጥ ጺሙን እየተላጨ ነበር። ሚጢጢ ፈተና ነበረባት፤ ረፍዶባታል። ቁልፉን ከመስቀያው አነሳች፣ የግቢውን በር ከፈተች፣ መኪናውን ወደ ኋላ አስወጣች። በዚያው ሰዓት የማዕዘኑ ልብስ ሰፊ አንድ ጥቅል ጨርቅ ትከሻው ላይ ተሸክሞ በበሩ በኩል ያልፍ ነበር። ጥቅሉ በእነሱ በር በኩል ስለነበር መኪናዋን አላያትም። ቀኝ እግሩ ተሰበረ፤ የስፌት መኪናውን የሚረግጥበት እግሩ።

ወንድሜ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ሮጦ ወጣ። ቀድሞ ያነሳው ልጁን ነው፤ ከመሪው ላይ አውርዶ ቤት አስገባት። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። ከዚያ ልብስ ሰፊው አጠገብ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ደገፈው። ጎረቤት ሲሰበሰብ ያገኘው እሱን ነው። የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ «ማነው የነዳው?» ሲል «እኔ ነኝ» አለ። ሌላ የጠየቀ አልነበረም። ፖሊሱ ለክቶ ሲጨርስ ሰዎች መኪናውን እየገፉ ግቢ አስገቡት፤ የኢንሹራንሱ መርማሪ እስኪያየው ማንም እንዳይገባበት ተባለ።

እኔ የደረስኩት ልብስ ሰፊው ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ ነው። ወንድሜ ማድ ቤት ወስዶኝ በሩን ዘጋና ሁሉንም ነገረኝ። ጉንጩ ላይ ያልተላጨው ጺም እንዳለ ነው።

«አንቺ ምንም አልሰማሽም» አለኝ ሲጨርስ።

«ሰምቻለሁ እንጂ። ጋሼ፣ የምታደርገውን ታውቀዋለህ? ሰው የጎዳ ሹፌር ተማሪ አይጭንም። አውቶቡሱን ይቀሙሃል።»

«አውቃለሁ።»

«ከዚያ ምን ትሆናለህ?»

«አንድ ነገር እሆናለሁ። እሷ ግን ሕይወቷን ገና መጀመሯ ነው። ሰው ገጭታ ትጀምረው?»

«ውሸቱ ከተያዘ ደግሞ የመኪናው ካሳም ይቀራል፣ አንተም ትከሰሳለህ።»

«በምን ይይዙታል?»

መመለስ አልነበረብኝም። ግን ወንድሜ ነው። የመሥሪያ ቤታችን መርማሪ መኪና ሊያይ ሲሄድ ከሁሉ በፊት የሹፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ እንደሚል፣ ምንም ነገር ሳይነካ እግሩን ዘርግቶ መስታወቱን ቀና ብሎ እንደሚያይ ነገርኩት። ወንበሩ ማን እንደነዳው ይነግረዋል። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀና «ወንበሩን አስተካክዬዋለሁ» አለኝ። ስለ መስታወቱ ምንም አላለም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

በሳምንቱ ነገሩ ሰፈሩን አዳረሰው። አውቶቡሱን ለጊዜው ለሌላ ሹፌር ሰጡት። ወንድሜ ቤት ዋለ፤ የማይንጠባጠብ ቧንቧ ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ሚጢጢ ከክፍሏ አትወጣም። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ወላጆችን «የልጃችሁን ስም አስገቡ» ስል ድምፄ ለራሴ ያስጠላኝ ጀመር።

መርማሪው የሚመጣበት ቀን ቀድሜ ደረስኩ። መኪናው ግቢው ጥግ ቆሟል፤ የኋላ መከላከያው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አንዱ መብራት ረግፏል። ወንድሜ መርማሪውን ሊቀበል ወደ መንገዱ ወጥቶ ነበር። በሩን ከፍቼ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አዎ፣ ማንም እንዳይገባበት ተብሏል፤ ገባሁ። እግሬ ፍሬኑ ጋ አልደርስ አለኝ። ቀና ብዬ መስታወቱን ሳየው የታየኝ የጣሪያው ጨርቅ ነው። ሁለቱም ለረጅም ሰው ልክ ናቸው። ተመስገን አልኩ። ተመስገን ማለቴም አሳፈረኝ።

የጎን በር ተከፈተና ሚጢጢ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷ ጠቁሯል።

«አይዞሽ» አልኳት። «አባትሽ ወንበሩንም መስታወቱንም አስተካክሎታል። የሚያስይዝ ነገር የለም።»

«መስታወቱን አባዬ አልነካውም።»

«ታዲያ ማን ነካው?»

«ማንም። እንደነበረ ነው።»

ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ሲገባኝ ቀና ብዬ መስታወቱን ደግሜ አየሁት።

«ወንበሩን ሳብኩ» አለች ጣቶቿን እያየች። «ቀበቶውንም አሰርኩ። ቀና ስል የታየኝ ጣሪያው ነው። ተወልጄ ያደግኩበት በር ነው፣ ምን ይኖራል ብዬ ወጣሁ። አክስቴ፣ ብቻ ሽቅብ እጄን መስደድ ነበር። አባዬ ይህን አያውቅም። መንገዱ ጠቦኝ ነው የሚመስለው።»

እጇን ያዝኩ። እሷ ግን አንዴ ጀምራዋለች።

«ትናንት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ አንዲት እናት ለባለሱቁ ስትነግር ሰማሁ። ‹ልጆቻችንን እንዲህ ላለ ሰው ነበር የምንሰጠው? ከጀርባው ሰው መኖሩን ለማያይ?› አለች። አባዬን፣ አክስቴ። አባዬን ነው እንዲህ ያለችው። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ልናገር ነው።»

እዚህ ላይ ትክክለኛውን ነገር ብነግራት ደስ ባለኝ። ስንት ወላጅ ፊት እውነቱን ተናገሩ ያልኩ ሴት ነኝ። ግን ያ ሁሉ የሰው ልጅ ነበር፤ ይህቺ የእኛ ናት። ክሱ ታየኝ፣ የሚሸጠው መኪና ታየኝ፣ ወንድሜ አንዴ ፖሊስ ፊት የዋሸው ታየኝ።

«ዝም በይ» አልኳት። «ለአባትሽ ስትይ ዝም በይ።»

የግቢው በር ተንኳኳ። ፈጥነን ወረድን።

መርማሪው ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው ጫማ የሚያይ ሰውዬ ነው። እኔን ሲያይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ፤ የማን እህት እንደሆንኩ ያውቃል። የረገፈውን መብራት አየ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን ዘረጋ፣ መስታወቱን ቀና ብሎ አየ። ወረደ። ሁሉም ከወንድሜ ቁመት ጋር ገጠመለት።

«እንግዲህ እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ» አለው።

ወንድሜ ነገረው። ቁልፉን እንዳነሳ፣ በሩን እንደከፈተ፣ ወደ ኋላ እንደወጣ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

«ከመውጣትዎ በፊት መስታወቱን አይተው ነበር?» አለ መርማሪው።

«እኔ ነኝ» ለማለት ዓይኑን ያላሸ ወንድሜ እዚህች ላይ ሲደርስ አቃተው። መስታወቱን አይቻለሁ ብሎ መዋሸት የሚችል አልመሰለኝም።

«አላየሁም» አለ በመጨረሻ። «ወንበሩን አስተካከልኩ፣ ቀበቶ አሰርኩ፣ መስታወቱን ዘለልኩት።»

መርማሪው ጻፈ። እኔ ግን ወደ ሚጢጢ ዞርኩ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። መስታወቱ እንደተዘለለ ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ብለን ነበር። አባቷ ግን ያወቀው ገና አደጋው በደረሰበት ጠዋት ነው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ቀና ሲል መስታወቱ ለራሱ ዓይን ልክ ሆኖ ሲያገኘው። አውቆ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣውም። እሷንም አልገሰጻትም። ያስተማራትን ያፈረሰችው እሷ ሆና ሳለ ያፈረስኩት እኔ ነኝ ብሎ ሰው ፊት ቆመ።

ሚጢጢ መኪናውን ዞራ ሄደች። ወንድሜ በዓይኑ ተቆጣት፤ አላየችውም ወይም እንዳላየች ሆነች። የሹፌሩን በር ከፍታ ገባች።

«ወንበር» አለች፣ ሲያስተምራት እንደነበረው ጮክ ብላ። የወንበሩ ሐዲድ ተንኳኳና ጉልበቷ መሪውን ነካ። እጇን ሽቅብ ሰዳ መስታወቱን ወደ ታች አዘነበለችው። «መስታወት» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ቀበቶውን ስባ አሰረች፤ ይህች ግን ከአፏ አልወጣችም።

መርማሪው ብዕሩን ይዞ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

«እኔ ነኝ የነዳሁት» አለችው። «መስታወቱን ያላየሁት እኔ ነኝ። አባዬ መስታወት ሳያይ ነድቶ አያውቅም።»

መርማሪው የጻፈውን ተመለከተ፣ ወንድሜን ተመለከተ፣ ከዚያ እኔን።

«ስሟ ውሉ ላይ አለ?» አለ። ጥያቄው ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ መልሱን ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንድሜ ቀደመኝ።

«የለም» አለ ወንድሜ። «እህቴ ነግራኝ ነበር። እኔ ነኝ አልሰማ ያልኩት።»

ይህን ከአፉ ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር። በዓል ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እህቴ ልክ ነበረች» ሲል እየታየኝ ብቻዬን እስቅ ነበር። አሁን ሲለው ጆሮዬን መያዝ ነው የፈለግኩት።

መርማሪው የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጀመረ። ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። መኪናው ይሸጣል፣ ክሱ ይመጣል፣ ወንድሜም ለፖሊስ ስለሰጠው ቃል ይጠየቃል፤ አውቶቡሱን መልሰው ይስጡት አይስጡት አናውቅም። ሚጢጢ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ መስታወቱን እያየች ታለቅሳለች። በዚያ በኩል የሚታያት ከመኪናው ኋላ የቆመው አባቷ ነው።

ወንድሜ ዞሮ መጣና በሩን ከፈተላት። ረጅም ጀርባውን አጥፎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ይቆጣታል ብዬ ፈራሁ። ቀበቶዋን ፈታላት፣ እጇንም ይዞ አወረዳት።